ሁለት የእርሳስ ምት

ሶልቬግ መቀመጥ አቃታት። ወንበር ጠፍቶ አይደለም። የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ኮሪደር ግራና ቀኙ ወንበር ነው። እሑድ እሑድ ሕፃናት የሚቀመጡበት፣ አዋቂ ሲቀመጥበት ጉልበቱ አገጩን ሊነካ የሚደርስ ወንበር ቢሆንም ወንበር ነው፤ ሌሎቹ እናቶች ተቀምጠውበታል። እሷ ግን ከካፖርት መስቀያው እስከ መጸዳጃ ቤቱ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ እስከ ካፖርት መስቀያው ትመላለሳለች። የበረዶ ቦቲዋ ረጥቦ በረገጠች ቁጥር ሲጥ ይላል። ድምፁ ራሷን አናዷታል፤ እግሯ ግን መቆም እምቢ አላት።

«ኧረ እቴ፣ ወለሉን ጨረስሽው» አለች ኮሪን ከኪሮሿ ቀና ሳትል። ኮሪን የአምስት ልጆች እናት ናት። አምስቱንም እቤቷ ነው የምታስተምረው፤ ትንሹ ወንድ ልጇ ኦጊ አሁን ከኮሪደሩ መጨረሻ ካለው በር ጀርባ ነው። እሷ እዚህ ከመጣች ዓመታት ስላለፉ የሚያሳስባት ነገር የለም፤ ኮፍያ እየሠራች ሰው ትተርባለች።

«አሁን እቀመጣለሁ።»

«ይኸን ቅድምም ብለሽኛል። ያኔ ይቺ ኮፍያ ጆሮ አልነበራትም፤ ይኸው ሁለት ጆሮ አወጣች።»

ሶልቬግ ፈገግ ልትል ሞከረች፤ ፊቷ አልታዘዝ አላት። በሩን አየት አደረገችና ቶሎ ዓይኗን መለሰች። ዛሬ ወደዚያ በር ላትጠጋ ለራሷ ቃል ገብታለች።

በሩ የላዛር ክፍል በር ነው። ላዛር ቡልጋሪያዊ ሽማግሌ ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ሲወጡ እንደ ዱሉዝ ከተማ ሽማግሌዎች ሁሉ የሐይቁን በረዶ በስቶ ዓሣ መጠበቅ አልሆነላቸውም። ማክሰኞ ረፋድ፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ትምህርት ቤት በተቀመጠበት ሰዓት፣ እሳቸው ትምህርት ቤት የማይሄዱትን እዚህ ይሰበስባሉ። ብዙዎቹ እቤት የሚማሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ትምህርት ቤቱ የሚያደርጋቸው አጥቶ የሸኛቸው። ፈተና የለ፣ ማርክ የለ፣ ምስክር ወረቀት የለ። ሰሌዳ፣ ጠመኔና አንድ የሒሳብ ጥያቄ ብቻ፤ እሱም ለሁለት ሰዓት። ልጆቹ ፕሮፌሰር አይሏቸው፣ መምህር አይሏቸው፣ በስማቸው ላዛር ይሏቸዋል፤ እሳቸውም የሚወዱት ይኸንኑ ነው። ሕጋቸው አንዲት ናት፤ ወላጅ ከበሩ አያልፍም። በሩ ላይ ግን ወደ ውስጥ የምታሳይ ትንሽ መስታወት አለች፣ ልክ ረዘም ያለች ሴት ፊት ትክክል። እዚያ ያደረጋት አናጢ እንደ ሶልቬግ ያለች እናት ትመጣለች ብሎ አላሰበም።

ላዛር ያላቸው አንድ ክፍት ቦታ ነው። ለዚያች ቦታ የሶልቬግ ልጅ ቲልዳ ሦስት ማክሰኞ ልትሞከር ተነጋግረው ነበር፤ ሦስተኛው ዛሬ ነው። ክፍሉ ሲያልቅ ላዛር ወይ ትምጣ ይላሉ፣ ወይ ይቅር ይላሉ። ይቅር ካሉ ቲልዳ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ትገባለች። እንዲህ ያለው ባሏ ዌንደል ነው። ክፉ ሰው አይደለም ዌንደል፤ ክፉ ቢሆን ይሻላት ነበር፣ ትጣላውና ይወጣላት ነበር። ድስት እያጠበ፣ ቀስ ብሎ፣ «ሶልቬግ፣ ልጅቷ አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። ከአንቺ ሌላ የምታወራው ሰው የላትም» አላት። እውነት ስለሆነ ተናደደች። ከእኔ ጋር ምን ጎደላት ልትል አፏ ላይ መጣ፣ ዋጠችው። ምን እንደጎደላት ታውቃለች።

ትምህርት ቤትን ደግሞ ቀምሰውታል። ቲልዳ እስከ ሰባት ዓመቷ ሄዳለች። ሥራዋን ከሁሉ ቀድማ ስለምትጨርስ መምህሯ ጥግ አስቀምጣ ሥዕል ቀለም ቀቢ ትላት ነበር፤ ጥንቸል፣ ዱባ፣ እንደገና ጥንቸል። ምሳዋን እንደተቋጠረ ይዛ ትመለሳለች። በኋላ እቤትም መናገር ተወች። ያኔ ነው ሶልቬግ የመድኃኒት ቤት ሥራዋን ትታ ልጇን ከኩሽና ጠረጴዛ አጠገብ ያስቀመጠቻት። 

ከእጇ የማይለየው እርሳሷም የመጣው ከመድኃኒት ቤቱ ነው። እዚያ ሳይረጋገጥ የሚወጣ ነገር የለም። አዲስ ሠራተኛ ክኒን ስትቆጥር ከተሳሳተች ሶልቬግ ደንበኛ ፊት አትጮህባትም፤ በእርሳሷ ቂጥ ባንኮኒውን ሁለቴ መታ መታ ታደርጋለች፣ ሠራተኛዋ ይገባትና እንደገና ትቆጥራለች። ኩሽናዋም ውስጥ ይኸው ሆነ። ቲልዳ ልትሳሳት ስትል መታ መታ። ቲልዳ ላጲሷን አንሥታ ታጠፋለች። ቁጣ የለ፣ ጭቅጭቅ የለ። ሶልቬግ በዚህ ትኮራ ነበር፤ «እኔ ቤት ድምፅ ከፍ ብሎ አያውቅም» ብላ ለኮሪን ሳይቀር ነግራታለች። ለልጇ ያወጣችላት ደንብም አንድ ነው፤ ያላረጋገጥሽውን አትጻፊ።

ገና ሰሞን ቲልዳ ስለ ብቸኛ ቁጥሮች፣ ከአንድና ከራሳቸው በቀር ለማንም ስለማይካፈሉት፣ መጨረሻ አላቸው ወይስ የላቸውም ብላ ተነሣች። መጽሐፉ የላቸውም ይላል። ሶልቬግ አንብባዋለች፤ ለምን እንደሌላቸው የሚለውን ግን ደግማ ብታነበውም አልያዘላትም። ቲልዳ ወረቀት ስባ መጀመሪያው መስመር ላይ «ያልቃሉ እንበል» ብላ ጻፈች። መታ መታ።

«አያልቁም እኮ የኔ ቆንጆ። የማይሆነውን ለምን ትጽፊያለሽ?»

ቲልዳ ወረቀቷን አየች። እናቷን አየች። ላጲሷን አነሣች። ከዚያ ተነሥታ ሳህን ማድረቅ ጀመረች። ሶልቬግ ያን ቀን ልጄ ቃል ሰሚ ናት ብላ ደስ ብሏት ዋለች።

ባለፈው ማክሰኞ ላዛር ደረጃው ሥር ጠርተው አነጋግረዋታል።

«ልጅሽ ጎበዝ ናት» አሏት። ሶልቬግ ልቧ ዘለለ። «ግን አንድ መስመር ትጽፍና በሩን ታያለች። ሌላ መስመር ትጽፍና በሩን ታያለች። ምን አለ በሩ ላይ?»

«ምንም የለም» አለች፤ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ። መስታወቷ ላይ ተለጥፋ ያረፈደችው እሷው ናትና።

«ከሌለ ጥሩ። እኔ በር የሚያይ ልጅ አልወስድም። ሰነፍ ስለሆነች አይደለም። እዚህ ሥራችን መሳሳት ነው፤ እስኪበቃን፣ ተመቻችተን መሳሳት። በር እያየ እንደዚያ የሚሳሳት ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።»

«እና ሲሳሳቱ እርስዎ ዝም ብለው ያዩዋቸዋል?»

«ብርቱካን እበላለሁ» አሏት።

ሳምንቱን ሙሉ ይቺ ብርቱካን ጉሮሮዋ ላይ ቆማ ከረመች። ምን ማለት ነው ብርቱካን እበላለሁ? ልጅ ገደል ሲገባ ብርቱካን ይበላል? ቢሆንም ቦታዋን ትፈልጋታለች፣ ስለዚህ ዛሬ ገና ከመኪና ሳይወርዱ ለቲልዳ «መስታወቱ ጋ አልመጣም» አለቻት። ቲልዳ «እሺ እማ» ብላ ጓንቷን አወለቀች፤ ደስ ይበላት ይክፋት ከፊቷ አይነበብም። ያም ሶልቬግን አላስቻላት።

«መኪናዬ ውስጥ ልቀመጥ» አለች ለኮሪን።

«ሂጂ፣ ወለሉም ይረፍ።»

ወጣች። ከሐይቁ የሚመጣው የመጋቢት ነፋስ ዓይኗን አስነባት። መኪናዋ ውስጥ ገባች፣ ሞተር አስነሣች፣ አጠፋች። የመሪውን አቧራ በእጅጌዋ ጠረገች። ከወንበሩ ሥር የወደቀ ብስኩት አገኘችና ለወፎቹ ወረወረችው። ያን ያህል ብዙ የቆየች መስሏት ሰዓቷን ብታይ ገና ምንም አልሄደም። መኪናው የጠበባት ይመስል በሩን በርግዳ ወጣችና ወደ ምድር ቤቱ ተመለሰች። ኮሪን አየቻትና ራሷን ነቀነቀች።

በዚህ መሀል በሩ ተከፈተና ኦጊ ሱሪውን ጨብጦ እየሮጠ ወጣ። ሶልቬግ መንገዱ ላይ ቆመችበት።

«ኦጊ፣ ቆይ እስኪ። ጥያቄው ምንድን ነው?»

«ሽንቴ መጥቷል እኮ!»

«ቶሎ በላ ንገረኝ።»

«ሰባት ልጆች አሉ» አላት እዚያው እየዘለለ። «እያንዳንዱ ልጅ ከመካከላቸው ልክ ሦስት ልጅ መጨበጥ አለበት። ሁለት አይሆንም፣ አራት አይሆንም። ይቻላል ወይ? ካልተቻለ ለምን? ልሂድ?»

«ቲልዳስ? ቲልዳ ምን አለች?»

«አንቺ ሴትዮ፣ የልጄን ሱሪ ልታጥቢ ነው?» አለች ኮሪን። ሶልቬግ ዞር አለችለት።

የግሮሰሪ ደረሰኝ ከኪሷ አወጣች፣ እርሳሷን አወጣች፣ ግድግዳው ላይ አስደግፋ ሰባት ነጥብ ጣለች። መስመር ሳበች። ስድስቱ ሦስት ሦስት ሲደርሳቸው ሰባተኛው ሁለት ብቻ ይደርሰዋል። አጥፍታ በሌላ በኩል ጀመረች፤ አሁንም አንዱ ይጎድለዋል። ብታገላብጠው፣ ብትገለብጠው አንዱ ሁሌ ይጎድለዋል።

«አይቻልም ኮሪን» አለች፤ ደስታዋ ድምጿ ላይ ወጣ።

«ምኑ?»

«ሰባቱ ልጆች። አይቻሉም።»

«እኔ አምስቱም አልተቻሉኝ።»

አሁን ልቧ ትንሽ አረፈ። መልሱን ታውቀዋለች። የቀራት ቲልዳ እንደደረሰችበት ማወቅ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ አየት አድርጋ ብትመለስ ማን ያያታል? ልጅቷ ሰሌዳው ላይ ከሆነች ጀርባዋን ነው የምትሰጠው። ላዛር ደግሞ ብርቱካናቸውን ይላጡ። እንዲህ እያለች ለራሷ ስትሟገት እግሯ በሩ ጋ አድርሷት ነበር። ቃሏን ማፍረሷን ያወቀችው መስታወቱ በትንፋሿ ሲጨልም ነው። በእጅጌዋ ጠረገችው።

ልጆቹ ወለሉ ላይ ተዘርፍጠዋል። ኦጊም ተመልሶ ገብቷል። ላዛር ከኋላ ልጣጭ መሐረባቸው ላይ እያጠራቀሙ ነው። ሰሌዳው ፊት ቲልዳ ቆማለች፣ ያ ቡናማ ሹራቧ እጅጌው እስከ ክርኗ ተሰብስቦ፤ ሰባት ነጥብ በክብ ጥላለች። ሶልቬግ ልትስቅ ምንም አልቀራት፤ ልክ እንደሷ ነው የጀመረችው። ከዚያ ቲልዳ ጠመኔዋን አነሣችና በዚያ ትልልቅ ጽሑፏ ጻፈች፤ «ይቻላል እንበል።»

ሶልቬግ ደነገጠች። አይቻልም እኮ። አሁን ግድግዳው ላይ ሞክራው የለ? ሦስተኛው ማክሰኞ፣ የመጨረሻዋ ሰዓት፣ ልጇ በሰው ሁሉ ፊት የማይሆነውን ይሆናል ብላ ትጽፋለች። እርሳሱ እጇ ላይ ነበር። ልምታ አላለችም፣ አልምታም አላለችም፤ እጇ ራሱ ሄደ። መስታወቱን ሁለቴ፣ መታ መታ።

ድምፁ ትንሽ ነበር፤ ወለሉ ላይ ካሉት አንዱም ቀና አላለ። ቲልዳ ግን ሰማች። አልዞረችም። ትከሻዋ ወደ ላይ ከፍ አለና ወረደ። ከዚያ ዳስተሩን አንሥታ መስመሩን ጠረገችው። ጠርጋም ሰባቱ ነጥቦች ብቻ በቀሩበት ሰሌዳ ፊት ቆመች።

«ኧረ ለምን አጠፋሽው?» የሚል የኦጊ ድምፅ በስሱ ሳንቃ አልፎ ተሰማ። «ጥሩ እየሄድሽ ነበር እኮ።»

 ላዛር ብርቱካናቸውን አስቀመጡና ቀጥታ ወደ መስታወቱ አዩ። ሶልቬግ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«ምን ሆንሽ?» አለች ኮሪን። «ፊትሽ አመድ መሰለ።»

«ይቻላል እንበል ብላ ጻፈች።»

«እና?»

«አይቻልም እኮ! ሞክሬዋለሁ።»

ኮሪን ለመጀመሪያ ጊዜ ኪሮሿን አስቀመጠች። «እቴ፣ እንደሱ ነው የሚጀመረው። ውሸቱን እውነት ነው ብለሽ ቤት ታስገቢዋለሽ። ከዚያ ሂድ ትይዋለሽ፣ እስኪጋጭ። ሰባት ልጅ ሦስት ሦስት ጊዜ ከጨበጠ ሃያ አንድ እጅ ነው። አንድ መጨባበጥ ደግሞ ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ ሃያ አንድ ለሁለት አይከፈል። ተጋጨ። ስለዚህ መጀመሪያውኑ አይቻልም ነበር ትያለሽ። እነዚህ ልጆች በዚህ ነገር ራት ላይ አድርቀውኛል፤ ድንቹ የበሰለ ነው እንበል እያሉ።»

ሶልቬግ ሰማቻት። ገባትም፤ ያውም እንዴት ቀላል ነበር። ወዲያው ግን ሌላ ነገር ተከትሎ መጣ። ያልቃሉ እንበል። የገናው ወረቀት፣ ላጲሱ፣ ሳህኑ። እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ መታ መታ አድርጋለች፣ ስንት ትክክለኛ መስመር ኩሽናዋ ውስጥ ተፍቆ ቀርቷል?  መቀመጥ አሁን ነበር የሚሻላት፤ እሷ ግን ሄዳ በሩን ከፈተችው።

ወለሉ ላይ ያሉት ሁሉ ቀና አሉ። በዚህ በር ወላጅ ሲያልፍ ያየ ልጅ የለም።

«ቲልዳ፣ ትክክል ነበርሽ» አለች። ድምጿ እንደ ባዕድ ሰው ሆነባት። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። አልገባኝም ነበር። ከገና ወዲህ የምትጽፊው... አብዛኛው አይገባኝም። ገብቶኝ አይደለም የማስቆምሽ።»

ቲልዳ ዞረች። ጉንጯ ላይ ጠመኔ አለ። አልተገረመችም፤ ሶልቬግን ከሁሉ በላይ የወጋት ይኸ ነው፣ አለመገረሟ።

«አውቃለሁ እማ።»

«ምኑን?»

«እንደማይገባሽ። ያኔ ስለማያልቁት ቁጥሮች የጀመርኩትን ሳህን ሳደርቅ በልቤ ጨርሼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አጠፋሽው?»

ቲልዳ ጠመኔዋን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። ሌሎቹ እንዳይሰሙ ያህል ዝቅ አድርጋ፣ «ብቻሽን እንዳትቀሪ ብዬ» አለች።

ሶልቬግ አፈረች፤ እንደዚያን ቀን አፍራ አታውቅም። ይቺን ልጅ ከዚያ ጥግ አውጥቼ፣ በእጄ ይዤ፣ ደግፌ እያለች ስትኖር፣ ይዛት የኖረችው ልጅቷ ነበረች። ልታቅፋት ፈለገች። ልጆቹ አፍጥጠው እያዩአት ነው።

ላዛር ተነሥተው አጠገቧ መጡ። አልተቆጡም። ወደ መሬት አዩና፣ «እግርሽ ገብቷል» አሏት። አየች፤ እርጥቡ ቦቲዋ ከበሩ መድረክ ወዲያ ነው። መለሰችው። ሽማግሌው ብርቱካን ብርቱካን የሚሸት መዳፋቸውን ዘረጉ፤ መጀመሪያ አልገባትም፣ ከዚያ እርሳሷን አስቀመጠችበት። በሩን ዘጉት።

ኮሪደሩ ውስጥ ኮሪን አጠገቧ ያለውን ወንበር በእግሯ ገፋ አደረገችላት፤ ሶልቬግ ተቀመጠች። ጉልበቷ አገጯ ሥር መጣ። እጇ የሚይዘው ስላጣ ኮሪን የክሩን ድውር ሰጠቻት። ከውስጥ ጠመኔ ሲንቋቋ ይሰማል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይንቋቋል። የማን እጅ እንደሆነ አታውቅም። ተነሥተሽ እይ እይ የሚላት ነገር ልቧን እየወጠረው ክሩን ጨምቃ ይዛ ቆየች። አንዴ ሁሉም በአንድ ላይ ሳቁ፤ ከሳቁ መሀል የቲልዳን ለየችው። ልጇ ሰው መሀል ስትስቅ ሰምታ አታውቅም ነበር። ዓይኗ ሞላ፤ አልተነሣችም፣ ክሩን ጨመቀች።

በሩ ሲከፈት ልጆቹ ተንጋግተው ወጡ። ላዛር ከሁሉ ኋላ መጥተው እርሳሷን መለሱላት።

«ከዘጋሁት ወዲህ በሩን አንዴም አላየችም» አሏት። «ማክሰኞ በአራት ሰዓት ትምጣ። አንቺ ካፖርቷን ብቻ ያዥላት።»

ሶልቬግ ዞር ብላ የልጇን ካፖርት ከመስቀያው አወረደች።  ካፖርቱን በሁለት እጇ ዘርግታ፣ እጅጌዎቹን ከፍታ፣ ቲልዳ እንደ ድሮዋ ጀርባዋን ሰጥታ እንድትገባበት ቆመች። ቲልዳ ወደዚያው እየመጣች ነበር። ግን ከኦጊ ጋር ናት፤ እጇን እያወራጨች፣ «አይ፣ አይ፣ ስምንት ልጅ ቢሆን ይቻላል፣ ሃያ አራት እጅ ነዋ፣ ና ላሳይህ» ትለዋለች። በእናቷ አጠገብ ሳታያት አልፋ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና በጣቷ ግድግዳው ላይ ነጥብ ትጥል ጀመር።

«እናትሽ እኮ ካፖርትሽን ይዛ ቆማለች» አላት ኦጊ።

«ትጠብቃለች» አለች ቲልዳ።

ሶልቬግ እጅጌዎቹን እንደከፈተች ጠበቀች።